አሥር ጣትና ሁለት እግር

ፌብሩዋሪ 19፣ ማክሰኞ

ድንጋዩ ዛሬ መጣ። ከዋናው ደሴት በዕቃ ጫኝ ጀልባ ወደ ትንሿ ደሴታችን መጥቶ ሂልስቦሮ ወደብ ወረደ፤ ከዚያ አራት ወንዶች በጭነት መኪና እዚህ መንደራችን ለስቴር ድረስ አምጥተው አልጋ ላይ አስተኙት። በእኔና በአልባን አልጋ ላይ፣ በእሱ በኩል። ደንቡ ነው፤ ድንጋይ መቃብር ላይ ከመቆሙ በፊት ሟቹ ይተኛበት የነበረው ቦታ ይሰነብታል። እኔ እስከዚያ ሶፋ ላይ ነኝ።

ዩሊታ ነጩን አንሶላ ገልጣ እዪው አለችኝ። የአልባን ታላቅ እህት ናት። ድንጋዩን ያዘዘችውም፣ ጽሑፉን የመረጠችውም፣ የማቆሚያውን ድግስ ለኤፕሪል 26 የቆረጠችውም እሷው ናት። ሰው በሞተ በሦስተኛው ዓመት ድንጋይ አለማቆም ነውር ነው ብላ ከገና ጀምሮ ስትጨቀጭቀኝ ነበር። ስሙ በደንብ ተቀርጿል፣ ቀኑም አልተሳሳተም። ከስሙ በላይ ግን እንቁላል ቅርጽ ያለው፣ መዳፍ የሚያህል ጉድጓድ አለ።

"ይሄ ምንድነው?" አልኳት።

"የፎቶው ቦታ ነዋ። ትሪኒዳድ አሁን ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያሠራው። ፎቶው ሸክላ ላይ ይጋገርና እዚህ ይለጠፋል። ሠሪውን አናግሬዋለሁ፣ ሦስት ሳምንት ይበቃኛል ብሏል። አንቺ ፎቶውን ብቻ ስጪኝ።"

ፎቶ አለሽ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ማንስ ይጠይቃል? ሃያ ስድስት ዓመት የደሴቱን ሰው ሁሉ ስታነሳ የኖረች ሴት የባሏ ፎቶ የላትም ብሎ የሚያስብ የለም። እሺ አልኳት። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም።

ፌብሩዋሪ 20፣ ረቡዕ

የለም።

የሠርጋችን ፎቶ ነበረ። ያኔ እኔ ካሜራ ይዤ አላውቅም፤ ሂልስቦሮ የነበሩት ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ናቸው ያነሱን። አምና ጣሪያው ሲያፈስ እርጥበት ገባበትና ከመስተዋቱ ጋር ተጣበቀ። ሲላቀቅ እኔ ወረቀቱ ላይ ቀረሁ፣ የእሱ ፊት ግን ተላጦ መስተዋቱ ላይ ቀረ። መስተዋቱን ማን እንደወለወለው አላስታውስም። ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የመራጭነት ካርድ አውጥቶ አያውቅም፤ "ማንን እንደምመርጥ ምን አስነገረኝ" ይል ነበር። የመርከበኛ ደብተሩ ላይ የነበረችው ፎቶ ደግሞ ከነደብተሩ ባሕር ገብታለች፣ ገና ሳንጋባ። ልጅ አልወለድንም፣ ስለዚህ ልደት፣ ክርስትና፣ ምርቃት የሚባል ነገር ቤታችን አልነበረም።

ደግሞም አልባን ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል።

ፌብሩዋሪ 23፣ ቅዳሜ

አርባ አንድ የጫማ ካርቶን ኔጋቲቭ። ጠረጴዛው ላይ አምፑሉን ከመስተዋት ሥር አብርቼ፣ ማጉያዬን ይዤ ጀመርኩ። እስከ ቀትር ስድስት ካርቶን አየሁ። ጀርባዬ ተቆረጠ።

የተገኘው፦ ጣት።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። ስቱዲዮው ጠባብና ጨለማ ስለሆነ ሰውን የማነሳው ግቢ ውስጥ፣ ከአልሞንዱ ዛፍ ጥላ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከጀርባ ነጭ አንሶላ። መጀመሪያ አንሶላውን በእንጨት ወጥሬው ነበር። ነፋሱ እንጨቱንም አንሶላውንም ነቅሎ የጎረቤት አሳማ ላይ ጣለው። አልባን በዚያ ሰሞን ወገቡን ታሞ ከመርከብ ወርዶ ቤት ነበር፤ "ስጪኝ እስኪ" ብሎ ያዘው። ያዘው፣ በዚያው አሥራ ስምንት ዓመት ያዘው። እጆቹን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ከአንሶላው ጀርባ ይቆማል። ከፊት ለሚያየው ከላይ አሥር ጣት፣ ከታች ሁለት ባዶ እግር ነው። ሸራ ሲጎትት የኖረ ሰው ስለሆነ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ከእኔ በፊት ያውቃል። "አሁን" ይለኛል፣ አነሳለሁ። ሳትም ጊዜ ጣቱንም እግሩንም እቆርጣለሁ።

ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እኔ ዘንድ ነው። እኔ ዘንድ ደግሞ እሱ ከአንሶላው ጀርባ ነው። ይህን እስከ ዛሬ አስቤው አላውቅም ነበር።

ፌብሩዋሪ 27፣ ረቡዕ

ስድስት የፓስፖርት ፎቶ፣ አንድ ክርስትና። ካርቶን ለማየት ጊዜ አልነበረም። ዩሊታ ሁለቴ ደወለች። አላነሳሁትም።

ማርች 1፣ ቅዳሜ

ከገበያ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። እኔ መሆኔን አላወቁም፤ ወይም አውቀዋል።

"የአልባን ሚስት ለድንጋዩ ፎቶ አጣችለት አሉ።"

"ኧረ በይ! የእኔን ፍየል እንኳ ሁለቴ አንስታልኛለች።"

ቆሽቴ አረረ። ዞር ብዬ አንድ ነገር ልል ነበር፣ ግን ምን ይባላል? እውነት ነው፣ ፍየሉን አንስቼዋለሁ። በእርሻ ትርኢት አንደኛ ወጥቶ ነበር። ቤት እንደገባሁ ካርቶኑን ፈልጌ አወጣሁት። ፍየሉ አለ፣ ጥርት ብሎ፣ ጺሙ አንድ ባንድ ይቆጠራል። ገመዱን የያዘው እጅ የአልባን ነው። ከክርኑ በላይ የለም።

ማርች 5፣ ረቡዕ

ዩሊታ ሕልም አየች። የዩሊታ ሕልም ሁልጊዜ ከነምግብ ዝርዝሩ ነው። አልባን መጥቶ ጨው የሌለው የበቆሎ ገንፎ፣ የተቀቀለ ዓሣና ነጭ ዶሮ አዟል፤ የሸንኮራ አረቄው ሩምም እንዳይበረዝ አደራ ብሏል። ሙታን ጨው እንደማይበሉ እኔም አውቃለሁ፤ ስለ ሩሙ ግን የእሷ ጭማሪ ይመስለኛል።

"ፊቱስ እንዴት ነበር?" አልኳት፣ ለማለት ያህል።

"ፊቱን አዙሮ ነበር" አለችኝ። ቀጥላም ድንጋይ ባዶ ጉድጓድ ይዞ ከተተከለ ሌላ ፊት ይጠራል አለች። የማንን ፊት እንደሚጠራ አልነገረችኝም፤ ብቻ እያየችኝ ነበር።

ድንጋዩ ወደ ኋላ አይመለስም። አልጋ ላይ የተኛ ድንጋይ ወይ ይቆማል ወይ ቤቱን ያስጨንቃል። ሠሪው ደግሞ ፎቶው ኤፕሪል 4 በሚነሳው ጀልባ ካልደረሰው አልችልም ብሏል። አንድ ወር አለኝ። አንድ ወር ብዙ ነው።

ማርች 9፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ቀርቼ ስምንት ካርቶን ጨረስኩ።

የማላውቃቸውን ነገሮች እያየሁ ነው። ሁሉንም ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አንዱንም ግን አላየሁትም። አስተማሪያችን በጡረታቸው ቀን የተለያየ ጫማ አድርገዋል፤ አንዱ ቡናማ አንዱ ጥቁር። በአንድ ጎረምሳ ሠርግ ላይ አራት ሚዜዎች በአንድ ክራባት እየተፈራረቁ ተነስተዋል። ዘወትር የምትስቀው ዳቦ ሻጭ ሌላ ሰው ሲነሳ ጥግ ቆማ ታለቅሳለች፣ በሦስት የተለያየ ዓመት በሦስት ፎቶ። ማጉያውን ይዤ ብቻዬን ኧረ አንቺ ሴትዮ ምን ሆነሽ ነው እላለሁ። ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው።

አልባንም አለ። ዊንድዋርድ መንደር የተሠራ መርከብ ወደ ባሕር ሲወርድ ገመድ ከሚጎትቱት መካከል ጀርባው አለ። በቀብር ላይ ባርኔጣው። በትምህርት ቤት በዓል ወንበር ተሸክሞ ሲያልፍ፣ ፊቱ ላይ የወንበሩ መቀመጫ። በጀርባው አውቀዋለሁ፣ በክርኑ አውቀዋለሁ። ጀርባ ግን ድንጋይ ላይ አይለጠፍም።

ሰማያዊውን ካርቶን አላየሁትም። የውጭ አገር ሰዎች ሠርግ ነው፣ ምንም የለበትም።

ፎቶ መነሳት አይወድም ብያለሁ። አንድ ጊዜ ጠይቆኛል። ግን እየቀለደ ነበር።

ማርች 14፣ ዓርብ

ዛሬ ደግሞ ይህን አመጣችብኝ።

ዩሊታ ኤግበርትን ይዛ መጣች። የአልባን የአጎት ልጅ ነው፤ ጠላቂ ነው፣ ላምቢ የሚባለውን ትልቅ ቀንድ አውጣ ከባሕር ሥር ያወጣል። ሱፍ ልብስ አልብሳው፣ ፀጉሩን አስቆርጣው። "አፍንጫቸው አንድ ነው፣ ግንባራቸውም አንድ ነው። በትንሹ ሲጋገር ማን ይለየዋል?" አለች።

ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ንዴቴ መጣ፣ ቀጥሎ ደከመኝ። አስቀመጥኩት። አንሶላውን ግድግዳው ላይ በምስማር መታሁት፣ ያለ አልባን የምሠራው እንደዚያ ነው። ኤግበርት አንድ ጠርሙስ ሩም ቃል ተገብቶለታል መሰለኝ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። ካሜራውን ሳነሳ ግን ድንጋዩን ልየው አለ። መኝታ ቤት ገባ። ጉድጓዱን ሲያይ ላብ አጠመቀው።

"ዩሊታ፣ እኔ እኮ ገና ነኝ" አለ።

"ምኑ ነው ገናው?"

"መሞቱ ነዋ። በቁሜ መቃብር ላይ ለጥፋችሁኝ ስጠልቅ አንድ ነገር ቢይዘኝስ?"

ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ሄደ። ዩሊታ እኔን ተቆጣች፣ ፈጥነሽ ብታነሺው ኖሮ አለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ፎቶ የጠፋው በእኔ፣ ኤግበርት የፈራው በእኔ፣ ነገ ዝናብ ቢዘንብም በእኔ ነው።

ማርች 17፣ ሰኞ

ምንም። አራት ካርቶን፣ ምንም። አንድ ተረከዝ።

ማርች 21፣ ስቅለት

ባሕር የሚወርድ የለም፣ ምስማር የሚመታ የለም፣ ካሜራም አልነካሁም። ቀኑን ሙሉ ከድንጋዩ ጋር ሁለታችን ብቻ። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ጉድጓዱ ላይ መሀረብ ጣል አደረግሁበት። አቧራ የለም።

ማርች 24፣ ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት

ኮረብታው ሁሉ ልጆች በክር የሚያበሩት የወረቀት ካይት ነው። ክላውዴት አልበሟን ታቅፋ መጣች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የዳርኳት ናት፤ ዳርኳት ማለቴ፣ አነሳኋት። ለመርዳት ነው የመጣችው፣ ምስኪን።

"ሪንቲ፣ አንዱን ፎቶ በደንብ አልቆረጥሽውም ነበር። አየሽ፣ ጥግ ላይ፣ የአልባን አውራ ጣት ናት። ባሌ ሲያያት ሁሌ ይስቃል። 'የሠርጋችን ምስክር' ነው የሚላት።"

አውራ ጣቱ አለች፣ ጥፍሯ የተሰነጠቀው። መርከብ ላይ እያለ ሰንሰለት የመታት ናት። ለምን አላወጣሽውም፣ ለምን መልሰሽ አላመጣሽልኝም፣ እኔ እንዲህ ዓይነት የተዝረከረከ ሥራ ለሰው አልሰጥም አልኳት። አስደነገጥኳት። ቡና እንኳ ሳትጠጣ አልበሟን ዘግታ ሄደች።

ምን ነካኝ? እርዳታ ልትሰጠኝ የመጣችን ሴት እንደ ውሻ አባረርኳት። ነገ ሄጄ ይቅርታ እላለሁ።

ማርች 25፣ ማክሰኞ

አልሄድኩም።

ማርች 29፣ ቅዳሜ

ከዩሊታ ጋር ተጣላን። በደንብ ነው የተጣላነው፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ስድስት ቀን ቀርቶናል ብላ መጣች። ካርቶኖቹን ሁሉ አየሁ አልኳት። ሁሉንም? አለች። ሁሉንም አልኩ። ጠረጴዛው ሥር ያለውን ሰማያዊውን በእግሯ ነካ አድርጋ ይሄስ አለች። የውጭ አገር ሰዎች ሠርግ ነው፣ ጥቅም የለውም አልኳት። ከዚያ እኔው ጀመርኩ፤ ጉድጓድ ያለው ድንጋይ ያዘዝሽው አንቺ ነሽ፣ ሳትጠይቂኝ፣ ወንድምሽ ፎቶ እንደማይወድ እያወቅሽ አልኳት።

ዩሊታ ቁጭ አለች። ዩሊታ እኔ ቤት ሳትጋበዝ ቁጭ ብላ አታውቅም።

"አይወድም?" አለች። "ሪንቲ፣ በዚያ በጁን ወር ኮቱን እኔ ቤት ነው የተኮሰው። ያንቺ ቤት ካውያ ተቃጥሎ ነበር። ሸሚዙንም ራሱ ነው የተኮሰው፣ አላስነካኝም። 'ዛሬ ሪንቲ ታነሳኛለች፣ ሃያ አምስት ዓመታችን ነው' አለኝ። ማበጠሪያዬን ተውሶ ሄደ። ማበጠሪያዬን ሲመልስልኝ ፎቶውን አሳየኝ አልኩት። ሌላ ጊዜ አለኝ። አንቺን አልከሰሰሽም። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረብሽም።"

ሦስት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር። እኔ ግን የማውቀው ብቻዬን መስሎኝ ነበር።

ማርች 30፣ እሑድ

እስኪ ልጻፈው። ማንም አያነበውም።

ጁን 11 ነበር። ሃያ አምስተኛ ዓመታችን መሆኑን ጠዋት ስነሳ አስታውሼ ነበር፣ ረስቼው አይደለም። ግን የውጭ አገር ሰዎች ሠርግ ነበረኝ፣ ባሕር ዳር፣ በአሥር ሰዓት። ካሜራዎቼን እያዘጋጀሁ ወደ ግቢ ስወጣ አልባን ሰው የሚነሳበት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኮት ለብሶ፣ ጫማ አድርጎ። ፀጉሩን በውሃ አርጥቦ አበጥሮታል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ልክ እኔ ሰዉን ሁሉ እንደማስቀምጠው።

"እንዴት ነኝ?" አለኝ።

"ማን ሞቶ ነው?" አልኩት። እውነት፣ ያልኩት ይህንን ነው።

"አንድ ብቻ አንሺኝ" አለ። አሁን ብርሃኑ አይሆንም፣ ቀትር ነው፣ ዓይንህ ሥር ጥላ ይጥላል፣ ስንመለስ አነሳሃለሁ አልኩት። ብርሃኑ በእርግጥ ጥሩ አልነበረም። ቢሆንም አንድ ፍሬም ፊልም ነው። ለፍየል ሁለት ፍሬም ያቃጠልኩ ሴት ነኝ።

ሳይቆጣ ተነሳ። ኮቱን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ ጫማውን አወለቀ፣ አንሶላውን አጥፎ ብብቱ ሥር ይዞ ተከተለኝ።

ሙሽሮቹ ባሕሩ ሰልችቷቸው እንደ ድሮ ፎቶ በነጭ ጀርባ መነሳት ፈለጉ። ነፋሱ ከእኔ ጀርባ ነበር የሚመጣው፣ ከባድ ነፋስ ነው፣ ከውሃው። አልባን ሁለት ጊዜ "ቆዪ፣ አሁን አይደለም" አለኝ። እኔ ቸኩዬ ነበር። አንሶላውን ነፋሱ እየገፋ ወደ እሱ ይለጥፈዋል፣ በሙሽራይቱ ትከሻ በኩል እብጠት እየሠራ ያበላሽብኛል። በሰው ፊት ጮህኩበት።

"አልባን፣ ፊትህን አንሳልኝ። ፎቶዬን አበላሸኸው።"

ፊቱን አዞረ። የቀሩት ፍሬሞች ንጹሕ ናቸው።

ስንመለስ ጨልሞ ነበር። በማግሥቱ ዝናብ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሥራ በዛ። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ቢጠይቀኝ ኖሮ አነሳው ነበር። እንዲህ እላለሁ እንጂ እኔ እንጃ። ከዚያ ቀን በአሥረኛው ወር ግቢው ውስጥ፣ የዓሣ መረብ እየጠገነ፣ ቁጭ እንዳለ ሞተ።

ማርች 31፣ ሰኞ

ሰማያዊውን ከፈትኩት።

ፍሬም 31። የተበላሸ ብዬ በቀይ መስቀል ምልክት አድርጌበታለሁ።

ነው። እሱ ነው።

ኤፕሪል 1፣ ማክሰኞ

ትናንት ብዕሩን አስቀምጬ ተነሳሁ። ፎቶ የማጥብበትን ጨለማ ክፍል ከዓመት በኋላ ከፈትኩ፤ በረሮ ሰፍሮበታል። መድኃኒቱ ያረጀ ነው፣ ቢሆንም ሠራ።

ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ሙሽራይቱ ወጣች፣ ቀጥሎ ሙሽራው፣ አፉን ከፍቶ። ቀጥሎ በሁለቱ መካከል፣ ከትከሻዋ በላይ፣ አንሶላው ውስጥ ፊት። ነፋሱ ጨርቁን ፊቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ለጥፎታል። ግንባሩ አለ፣ አፍንጫው አለ፣ የዓይኑ ጎድጓዳ አለ፣ በግራ በኩል ከፍ የምትለዋ ከንፈሩ ሳትቀር አለች። በነጭ ላይ ነጭ ነው፣ ጥላው ብቻ ነው የሚለየው። እየሳቀ ነው። ልጮህበት አንድ ሰከንድ ሲቀረኝ ከአንሶላው ጀርባ እየሳቀ ነበር። በምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት በሙሽራው አፍ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሽሮቹን ቆርጬ ጣልኩ፣ እሱን አስቀረሁ።

አለቀስኩ። ማልቀሴን መጻፍ ምን ያሳፍራል፣ አለቀስኩ።

ኤፕሪል 4፣ ዓርብ

ፎቶውን ለጀልባው ሰጠሁ። ዩሊታ አሳዪኝ አለች፣ ሸክላ ሲሆን ታዪዋለሽ አልኳት። ፈራሁ። ይሄ ጨርቅ ነው ብትለኝስ?

በመንገዴ ክላውዴት ቤት ገባሁ። ይቅርታ ከማለቴ በፊት ዓሣ አቀረበችልኝ።

ኤፕሪል 8፣ ማክሰኞ

ከትሪኒዳድ ስልክ። ራምሉጋን ነው፣ ሸክላ ሠሪው። ዩሊታ እንደምትለው ሃምሳ ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ የሚያወራውም ሃምሳ ዓመት እንደሠራ ሰው ነው።

"እመቤቴ፣ ስህተት የተፈጠረ ይመስለኛል። የላኩልኝ ጨርቅ ነው።"

"ጨርቅ አይደለም።"

"እኔ ሙታንን ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይሄ የተጨማደደ አንሶላ ነው። ፎቶውን ይላኩልኝ፣ ጊዜ የለንም።"

ደሜ ፈላ። ሃምሳ ዓመት አይደለም መቶ ዓመት ቢሠሩ ወረቀቱን ካልራቁት አይታይዎትም፣ መስኮት ጋ ያቁሙትና አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሂዱ አልኩት። ስልኩን ሲያስቀምጠው ሰማሁ። እግሩ ሲጎተት ሰማሁ። ብዙ ቆየ፣ የስልኩ ሂሳብ እየሄደ ነው፣ ምናልባት ትቶኝ ሄዷል ብዬ ልዘጋ ስል ተመለሰ።

"ባለቤትዎ ናቸው?" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አዎ።"

"ጥላው እንዳይጠፋ እሳቱን ቀነስ አድርጌ ነው የምጋግረው" አለ።

ኤፕሪል 17፣ ሐሙስ

የድግሱ ጣጣ። ሁለት ፍየል፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ድስት ከየጎረቤቱ። ከበሮ መቺዎቹ ይመጣሉ፣ አይመጡም፣ ይመጣሉ። ዩሊታ ሌላ ሕልም አየች፤ አሁን ደግሞ የእርግብ አተር ተጨምሯል። ስለ ፊቱ ግን አልጠየቅኳትም።

ኤፕሪል 24፣ ሐሙስ

ሸክላው ደረሰ። ሳይሰበር።

አልጋው ላይ፣ ከድንጋዩ አጠገብ አስቀምጬ ዩሊታን ጠራኋት። ጎንበስ ብላ አየችው። እኔ ማስረዳት ጀመርኩ፣ ነፋሱ እንዴት እንደነበር፣ አንሶላው እንዴት እንደተለጠፈ፣ ያን ቀን ምን እንዳልኩት ሳይቀር፤ ወሬዬ አላልቅ አለ። አላዳመጠችኝም። ጣቷን ዘርግታ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ከንፈሩን ዳሰሰች፣ ሕፃን እንደሚያጥቡ።

"ይሄ አፍንጫ የአባታችን ነው" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ደግሞ ፊቱን አላዞረም።"

ጉድጓዱ ውስጥ ልክ ገባ።

ኤፕሪል 27፣ እሑድ

ሁሉም ተኝቷል፣ እኔ ብቻ ነኝ። ገና አልነጋም። ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ትናንት ጠዋት ድንጋዩን በአልባን አንሶላ ጠቅልለን አወጣነው። ሌላ አዲስ አንሶላ ተገዝቶ ነበር፣ ዩሊታ ናት ያን ትታ አሮጌውን አምጪ ያለችው። ሁለቱ ላይኛው ጫፎቹ ላይ ያለው ቡናማ እድፍ በሦስት ዓመት እጥበት አልለቀቀም፤ እጆቹ የሚይዙበት ቦታ ነው። መቃብሩ ላይ ውሃው ፈሰሰ፣ ሩሙ ፈሰሰ፣ እንቁላሉ ተሰበረ። ግንበኞቹ ሲሚንቶውን ሲያቦኩ ፀሐዩና ነፋሱ ቶሎ ያደርቁታል ተባለና አንሶላው ድንጋዩን እንዲጋርድ አንድ ሰው ይያዘው አሉ። ኤግበርት እጁን ሊዘረጋ ሲል ዩሊታ ያዘችው።

"እሷ ትያዘው" አለች።

ካሜራዬን ለኤግበርት አንገቱ ላይ አንጠለጠልኩለት፤ ይህቺን ቁልፍ ትጫናታለህ፣ ሌላ ምንም አትነካም አልኩት። ጫማዬን አወለቅሁ፤ ለምን እንዳወለቅሁ አላውቅም፣ አፈሩ ለስላሳ ስለነበር ይሆናል። እጆቼን ከራሴ በላይ አንስቼ እድፎቹ ላይ ያዝኩ።

አንሶላ ይከብዳል። እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። በአምስት ደቂቃ ትከሻዬ ነደደ፣ በአሥር ደቂቃ ጣቶቼ ደነዘዙ። ነፋሱ መጥቶ ጨርቁን ፊቴ ላይ ለጠፈው፤ ሳሙናና ባሕር ይሸታል፣ ከዚያ ወዲያ የሚታይ ነገር የለም፣ ነጭ ብርሃን ብቻ ነው። ከወዲያ በኩል ሰዎች ይስቃሉ፣ ያወራሉ፣ ከበሮ ይሞከራል፤ እኔ ግን የለሁም። አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ነበር የቆመው። እሱ "አሁን" ሲለኝ ከዚህ ነበር።

ነፋሱ ሲመለስ በቆዳዬ አወቅሁት። "አሁን" አልኩት ለኤግበርት። ካሜራዋ ጮኸች።

"ሪንቲ" አለ ኤግበርት ከወዲያ። "ጣትሽ ገብቷል። እግርሽም ይታያል።"

"ይታይ" አልኩት።